ቀልብና ቀለብ

የገብስ በሶ በተነጠረ ቅቤ ሲታሽ የሚተወው ሽታ እጅ ላይ ያድራል። በሳሙና ብትታጠቢውም ከጥፍር ሥር አይወጣም። ከጠዋት ጀምሮ ጭኮ እያሸሁ ነው፤ አንቺ ደግሞ የኩሽናው በር ላይ ቆመሽ «እትዬ፣ ለነገ መንገድ ይሄ ሁሉ?» ትይኛለሽ። ልመልስልሽ ስል እጄን ወደ ፊቴ አስጠጋሁና ሽታው ባንቺ ዕድሜ ወደነበርኩበት ጊዜ ይዞኝ ሄደ። መልሱን ትንሽ ታገሺኝ።

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ትናንት ከዩኒቨርሲቲ ስትመለሺ ስለ አእምሮ ጤና ሥልጠና እንደሰጧችሁ አወራሽልኝና፣ በመሃል «በእናንተ ጊዜ ግን ጭንቀት ነበረ እንዴ?» አልሽኝ። ጭንቀት ከሞባይል ጋር አብሮ የገባ ዕቃ ይመስል። ነበረ፣ የኔ እመቤት። የሚጠራበት ስም ነው ያልነበረው። ስም ስላልነበረውም ሰው ሁሉ በየአፉ እንዳመጣለት ጠራው፤ በዚያ የተነሳ እዚሁ አምቦ ውስጥ ሁለት የተከበሩ ሴቶች በአንድ ጆንያ ዱቄት ሊያያዙ ደርሰው ነበር።

ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የተወለድኩባት ሸነን እስከ አሥራ ሁለት የሚያደርስ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፣ እኔን የመሰለ ልጅ ሁሉ አምቦ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማረው። ቤት ስልሽ አንድ ክፍል ናት፤ ወለሏ አፈር፣ ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለበጠ። ቀለባችን ከቤተሰብ ይላክልናል፤ ዱቄቱ በጆንያ፣ ሽሮውና በርበሬው በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ቅቤው በቆርቆሮ። የእያንዳንዱ ልጅ ቤት እንዴት እንደሆነ ቀለቡ ከአውቶቡስ ሲወርድ ይታወቅ ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ከእጃጂ ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። ሳቋ ቀድሟት ቤት የሚገባ፣ ትራስ ስትነካ እንቅልፍ የሚወስዳት፣ ሂሳብ የማይገባት፣ ባይገባትም ደንታ የሌላት። ሂሳብ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ። ሸነን ውስጥ መጠሪያዬ ‹ዩኒቨርሲቲ የምትገባው› ነበር፤ ገና ሳልገባ። ለዕረፍት ስሄድ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ አቁመው ይመርቁኛል። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር፣ በኋላ ምርቃቱ እየከበደኝ መጣ።

ማትሪክ ሲቃረብ እንቅልፌ ሄደ። እሱን ተከትሎ የምግብ ፍላጎቴ። አንዱን ገጽ ስደጋግመው እውላለሁ፤ ዓይኔ ያነባል፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። እኔ ቁጭ ብዬ ደረቴ ይሮጣል። የሙከራ ፈተና የተፈተንን ዕለት ስሜን ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከሩቅ የሰልፍ ዘፈን ሲያሰማ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ እርሳሱን ሲያንጫርር፣ ሁሉም ይሰማኛል፤ ጥያቄው ግን ፊደል ብቻ ሆኖ ቀረ። እጄ በላብ ወረቀቱን አራሰው። እንደ ባዶነቱ አስረክቤ ወጣሁ፣ ለጓደኛዬም «ራሴን አሞኝ ነው» አልኳት።

የፈራሁትን ልንገርሽ። ከገበያው ወደ ትምህርት ቤታችን በሚወስደው መንገድ፣ ግድግዳ ላይ በከሰል የሂሳብ ቀመር የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ነበረ። «ትምህርት አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው» ይባላል። በተማሪነቱ ጎበዝ ነበር ይሉታል፣ እንደ እኔ። እሱን ሳይ መንገድ እሻገራለሁ። እንቅልፍ አጥቼ ባደርኩ ቁጥር ከሰሉ ወደ እጄ እየቀረበ የመጣ ይመስለኝ ነበር። የማትሪኩም ቀን እንደዚያው ሆኜ ከቀረሁ ወደ ሸነን የምመለሰው ወይ የወደቀች ተብዬ ነው፣ ወይ ያበደች። ሁለቱንም ይዤ እናቴ ፊት መቆም የምችል አልመሰለኝም።

ነገሩን ያወቁት አከራያችን ናቸው። በባላቸው ዝውውር ከሰሜን ሸዋ የመጡ፣ አማርኛቸው እንደ ቅቤ የተነጠረ፣ ባላቸው መሥሪያ ቤት ሲውሉ እሳቸው እኛን ሲጠብቁ የሚውሉ ሴት ነበሩ። እንጀራዬን ለዶሮዎቻቸው ስበትን አንድ ቀን አዩ፣ ሌላም ቀን አዩ። አይተው ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም።

«ይቺ ልጅስ ቀልቧ ጠፍቷል፤» አሉ ለጓደኛዬ፣ እኔ እየሰማሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው መናኸሪያ ሄዱና የሸነኑን አውቶቡስ ረዳት ፈለጉ። ያኔ የሸነን ስልክ እሱ ነበር። በር ላይ ተንጠልጥሎ፣ በጉደር አድርጎ፣ የሰርጉንም የለቅሶውንም ወሬ ሰፈር ለሰፈር ያድላል። «ለእናቷ ንገርልኝ፤ ልጅሽ ቀልቧ ጠፍቷል፣ ቶሎ ድረሺ በላት» አሉት።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ ረዳቱ መላ አልጨመረም፣ ፊደል ነው ያሳሳተው። አፉን በኦሮምኛ የፈታ፣ አማርኛን ከመናኸሪያ የለቀመ ልጅ ነው። የአውቶቡሱ ሞተር እያጓራ፣ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ሆኖ፣ ቅቤ ይዛ ገበያ ዳር ለተቀመጠችው እናቴ «አዴ፣ የልጅሽ ቀለብ ጠፍቷል፣ ድረሺ ብለዋል» ብሎ ጮኸላት። በኋላ ሲጠየቅ የሰማሁትን ነው ያልኩት ብሎ ማለ።

እናቴን አዮ ነው የምንላት። አዮ ባዶ እጇን ሰው ቤት ገብታ የማታውቅ ሴት ናት። ልጇ በሰው አገር ቀለብ ተሰርቆባት ተርባለች ተብሎ ሲነገራት ምን እንደምታደርግ አስቢው።

የመጣችው ቅዳሜ ነው። ጓደኛዬ ከመንገድ እየሮጠች ገባችና ትንፋሿ እየተቆራረጠ «እናትሽ የአውቶቡሱን ጣራ ጭና መጣች» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሁለት ተሸካሚዎች የጤፍ ዱቄት፣ በሶ፣ ሽሮ፣ ቆጮ ተሸክመው ከፊት፣ አዮ እግራቸው የታሰሩ ዶሮዎች በአንድ እጇ፣ የጭኮ ቋጠሮ በሌላ እጇ ይዛ ከኋላ። ፊቷ እንደ ሐምሌ ሰማይ ጠቁሯል። ቢሆንም ሰላምታ አላጓደለችም፤ እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና ብላ፣ ከብት የሌላቸውን አከራያችንን ስለ ከብት ሳይቀር ጠይቃ ስትጨርስ ነው ዶሮዎቹን መሬት ያስቀመጠችው። የአዮ አማርኛ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ልጄን የሰጠሁት ላንቺ ነው፤» አለቻቸው። «የልጄ ቀለብ የት ገባ?»

«እኔ ምን አውቅልዎታለሁ፤» አሉ አከራያችን። «ቀስ እያለ ነው የጠፋው።»

«ቀስ እያለ፤» አለች አዮ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞራ። «በጭልፋ ነው የወሰዱት።»

«የሰው ዓይን ነው እኮ። ጠበል ብትጠመቅ ይመለስላታል።»

«ዱቄት በጠበል የት አገር ነው የሚመለሰው?»

«ኧረ ሌሊት ሌሊት ያቃዣታል ነው የምልዎት።»

«ራብ ነዋ። ራብ አያቃዥም?»

ጎረቤት አጥሩ ላይ አንገቱን ሰቅሏል። ተሸካሚዎቹ ጆንያውን ከትከሻቸው ማውረድ ረስተዋል። እኔ በራችን ላይ መጽሐፍ አቅፌ ቆሜ ነበር። ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው፣ እንዴት እንደሚሳቅ የረሳሁ ይመስል እየተንተከተክኩ፣ እንባዬ እስኪፈስ፣ ግድግዳ ይዤ ሳቅኩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አከራያችን «አላልኳችሁም?» በሚል ዓይን ጎረቤቱን አዩት።

ጓደኛዬ ናት የገላገለችን። «ቀለብ አይደለም፣ አዴ። ቀልብ ነው ያሉት፤ ቀልብ።»

«ቀልቢ?» አለች አዮ።

በኦሮምኛም ያው ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ቃሉ አንድ ነው። አዮ ያቺን ቃል ስትሰማ ቁጣዋ ከፊቷ ላይ ሲወርድ አየሁት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንዱ ተሸካሚ ያኔ ባወረደው ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «ቀልቢን ኬ በዴ?» አለችኝ። ቀልብሽ ጠፋ እንዴ፣ ማለቷ ነው።

«ኤ፤» አልኳት።

ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር። ራሴን አሞኝ ነው፣ ደክሞኝ ነው፣ በልቻለሁ ስል ነው የከረምኩት። በአንዲት ‹አዎ› ትከሻዬ ሲቀል ታወቀኝ። አዮ ይነቅፉብኛል፣ አበደች ይሉብኛል ብላ ግራና ቀኝ አላየችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በደንብ የበላሽው መቼ ነው?» ማስታወስ አልቻልኩም። ቋጠሮውን ፈታች፣ ከጭኮው ቆንጥራ በመዳፏ አድበለበለችና «ኛዹ፣ ኢንተለ ኮ» አለችኝ፤ ብዪ ልጄ። በላሁ። ቅቤው ምላሴ ላይ ሲቀልጥ፣ አጥሩ ላይ የተሰቀለው ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አላፈርኩም።

አከራያችን ጠበሉን አልተዉትም። አዮ ደግሞ የራሷ ሐሳብ ነበራት። «ቀልብ እንደ ዶሮ ነው፤» አለች፣ ያመጣቻቸውን እያየች። «ስታባርሪው ይሸሻል። እህል በትነሽ ዝም ብትዪ ራሱ ይመጣል።» ጆሮዬን አልሰጠኋትም ነበር። ማትሪክ ደርሶ እንዴት ዝም ይባላል?

አዮ ግን አልሄደችም። ቅቤዋን፣ ገበያዋን፣ ቤቷን ትታ እኛ ክፍል ከረመች፤ ፍራሻችን ላይ ለሦስት ተኛን። ሕጓን ስነግርሽ ሥልጠና የሰጧችሁ ሰዎች ከእሷ የቀዱ ይመስልሻል። ሲመሽ ኩራዙን እፍ ትለዋለች፣ ብለምናትም አታበራውም። ጠዋት መጽሐፍ ከመንካታችን በፊት ሁሉቃ ወንዝ ወርደን ልብስ እናጥባለን፤ እሷ ድንጋይ ላይ እየወቀጠች የሸነንን ወሬ ታወራለች፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ የማን ላም መንታ እንደወለደች። ከዚያ በኋላ ነው የማነበው፤ ትንሽ አንብቤ ስቀዘቅዝ ታየኝና «ተነሺ» ትለኛለች። ሽንኩርት ያስልጠኛል፣ ውሃ ያስቀዳኛል። ለጓደኛዬ በዓል ሆነላት። እኔ መጀመሪያ ላይ ጊዜዬን በላችብኝ ብዬ ውስጥ ውስጡን ተናደድኩባት። እንቅልፍ የወሰደኝ ዕለት ግን፣ ነግቶ ወፍ ሲንጫጫ ስነቃ፣ ተኝቼ ማደሬን ማመን አቅቶኝ ጓደኛዬን ቀስቅሼ «ተኛሁ እኮ» አልኳት። «እኔም ተኝቼ ነበር» አለችኝ ተነጫንጫ።

በከሰል የሚጽፈውን ያንን ሰውዬ አይታ ደግሞ አዮ መንገድ አልተሻገረችም። ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ ግድግዳው ሥር ቆማ «አከም ቡልቴ?» አለችው፣ እንዴት አደርክ ብላ፣ እንደማንኛውም ጎረቤት። ከሰሉን አወረደና «ነጋ» አላት፤ ሰላም ነው። የጭኮ ድብልብል ሰጠችው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ሰላምታ የሚመልስ ሰው መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር። ከዚያ ወዲያ እኔም መንገዴን አልቀየርኩም።

የጠበሉ ክርክር እንዴት እንዳለቀ ልንገርሽ፤ እስካሁን ሳስበው ደሜ ይሞቃል። አከራያችን ሲጨቀጭቋት አዮ «ይሁን፣ ውሃ ከሆነ ውሃ» ብላ፣ እኔንና ጓደኛዬን አስከትላ ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ውሃ እየጠየቀች ሄደች። የደረስነው የከተማው ልጆች የሚዋኙበት የፍል ውሃው ገንዳ ነው። ዘበኛው አዮን ከነጠላዋ፣ ከነሻሿ አየና «እናቴ፣ ይሄ እኮ ዋና ነው» አላት።

«እኛም የመጣነው ለዋናው ነው፤» አለችው። «ትንንሹን እዚያው ሰፈራችን አለን።»

ዘበኛው ተሸነፈ፣ ገባን። አረንጓዴ፣ ለብ ያለ፣ ከሥሩ የሚፈላ የሚመስል ውሃ ነው፤ የብረትና የድንጋይ ሽታ አለው። የሚንቦጫረቁት ልጆች አዮ ነጠላዋን አስቀምጣ ስታማትብ ሲያዩ ጸጥ አሉ። ሊዘል ሲንደረደር የነበረ ጎረምሳ ሳይቀር አማተበና ዘለለ። አዮ ከነቀሚሷ ደረጃውን ወረደች። ቀሚሷ በውሃው ላይ እንደ ጃንጥላ ተነፋ፤ በሁለት እጇ ስትጫነው በዚያ በኩል ይነሳል፣ በዚያ ስትጫነው በዚህ። ሳቀች። አዮን እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር፤ የእኔ እኩያ መሰለችኝ።

«ነዪ፤» አለችኝ። ዋና አልችልም። ጓደኛዬ ወገቤን ይዛ በጀርባዬ አንጋለለችኝና «አትታገዪው፣ ልቀቂው» አለችኝ። ታገልኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ ሳልኩ፣ ደግሜ ተንጋለልኩ። አንድ ጊዜ እጇን ከሥሬ አወጣች፣ እኔ ግን አልሰጠምኩም። ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚሰማኝ የአረፋው ሹክሹክታ ብቻ ነው። ከላይ ሰማይ፣ ከጎን የአዮ ሳቅ ከሩቅ። ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ፤ ግን የፈተናው ቀን ዓይነት ባዶ አልነበረም። እንደተጠረገ ግቢ ያለ ባዶ ነበር፣ የፈለግሽውን እህል የምታሰጪበት። መሬት ስረግጥ ጮኼ «ተንሳፈፍኩ» አልኩ፣ ጎረምሳው አጨበጨበልኝ። ዝም ሲሉት ራሱ ይመጣል ያለችኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እርጥብ ልብሳችን ከሰውነታችን ተጣብቆ፣ በፀሐይ እየተነነ፣ ሦስታችን እየተሳሳቅን ቤት ገባን። አከራያችን እርጥበታችንን አይተው «ተጠመቃችሁ?» አሉ። «ዋናውን፤» አለች አዮ። እግዜር ይመስገን ብለው በደስታ ሽሮ ሠሩልን።

የማትሪኩ ጠዋት አዮ ጭኮ አሸችልኝ፤ እኔም አብሬ አሸሁ። አዳራሹ ውስጥ የመጀመሪያውን ወረቀት ስገልጥ ደረቴ መሮጥ ጀመረ። እጄን አላበኝ፣ ፊደሎቹ ሊለያዩብኝ ሆኑ። መጣ፣ አልኩ በልቤ። ፊቴን ልጠርግ እጄን ሳነሳ የገብሱና የቅቤው ሽታ ከጥፍሬ ሥር መጣ። ፍርሃቱን አላባረርኩትም። ዓይኔን ጨፍኜ እያሸተትኩ፣ ውሃው ላይ እንደተንጋለልኩ ሁሉ ዝም አልኩ። ዓይኔን ስገልጥ ጥያቄው ጥያቄ ሆኖ ጠበቀኝ። ስጨርስ አዮ ከአጥሩ ውጪ ሳህን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ ነበር፤ እንዴት ነበር አላለችኝም፣ ከፈተችና ጎረስኩ።

ውጤት የመጣ ጊዜ ሸነን ሄጄ ራሴ ነገርኳት። ‹አለፈች› የሚለውን ቃል ለዚያ ረዳት አፍ አደራ የሚሰጥ ማን ነው? አደራ ብሰጠው ሙሉ ከተማ የለቅሶ ድንኳን ጥሎ ይጠብቀኝ ነበር።

አሁን ጥያቄሽን ልመልስልሽ። ከዚህ ጭኮ ገሚሱ ያንቺ ነው። ምሳሽን ሳትነኪው እንደምትወጪ፣ መብራትሽም እንደማይጠፋ አይቻለሁ፤ እኔም አከራይ ነኝ እንግዲህ፣ አይቼ ዝም አልልም። የቀረው ነገ ሸነን ይሄዳል።

ባለፈው ክረምት ወንድሜ ከሸነን ደውሎልኝ ነበር። ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። «የአዮ ቀልብ እየጠፋ ነው» አለኝ። በደንብ ሰምቼዋለሁ። ግን ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ፣ ቀለብ ባለኝ፣ ቀለብ ነው ያልኩት ባለኝ ብዬ ተመኘሁ። ቀለብ ቢሆን የአውቶቡሱን ጣራ ጭኜ እሄድላት ነበር። ለማንኛውም ጫንኩና ሄድኩ።

አላወቀችኝም። በር ላይ በፀሐይ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ እንግዳ በትሕትና ሰላምታ ሰጠችኝ፤ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና ብላ ጠየቀችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ቋጠሮዬን ፈታሁና ጭኮውን ሳህን ላይ አድርጌ፣ ቆንጥሬ አጎረስኳት። ቀስ ብላ አላመጠች። ጣቶቼን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ረጅም ጊዜ አሸተተቻቸው። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ኛዹ፣ ኢንተለ ኮ፤» አለችኝ። «ፈተናሽ ደርሷል።»

«እሺ፣ አዮ» አልኳትና በላሁ።